የስልክ ገጽም ቦታ ያስፈልገዋል

በዘመናችን ሰው ጋዜጣውን የሚያነብበት፣ ገንዘቡን የሚልክበት፣ የዘመዱን ፎቶግራፍ የሚያይበትና ያላወቀውን መንደር የሚፈልግበት መሣሪያ ሁሉ ከአንድ መዳፍ በማይበልጥ መስተዋት ውስጥ ስለ ተከማቸ፣ ወሰን የሌለውን ሀብት በጠባብ መስኮት በኩል እንዴት አድርጎ ማሳየት ይቻላል የሚለው ጥያቄ ለስልክና ለመተግበሪያ ሠሪዎች ከጥያቄዎች ሁሉ የሚቀድም ሆኗል። መስተዋቱ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ቢለካ ስድስት ወይም ሰባት ኢንች ቢሆን ነው፤ ከበስተኋላው ያለው ጽሑፍ፣ ሥዕል፣ ድምፅና ሒሳብ ግን ልክ የለውም። ሠሪዎቹ በብዛት የመረጡት መልስ ነገሩን ሁሉ ከላይ ወደ ታች በሚወርድ፣ ማለቂያም በሌለው ዝርዝር መደርደር ነው። ይህ መልስ ለማስታወቂያ ሻጭ የተመቸ ቢሆንም ከሰው ልጅ የማስታወስ ጠባይ ጋራ አይስማማም ብዬ አምናለሁ። ሌላም መልስ አለ፤ እርሱም ነገርን ሁሉ በሰፊ ሜዳ ላይ በየሥፍራው አኑሮ፣ ተመልካቹ ሲሻ ርቆ ጠቅላላውን፣ ሲሻ ቀርቦ ዝርዝሩን እንዲያይ ማድረግ ነው። ይህ ሐሳብ ከተወለደ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ተቃርቧል፤ በእጃችን ያለው ስልክ ግን ከዚህ ጥበብ ጥቂቱን ብቻ ወስዶ የቀረውን ጥሎታል።

የሰው አእምሮ ነገርን ከሥፍራው ለይቶ አይዝም። ጆን ኦኪፍ የተባለው የለንደን ሊቅ በ1971 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በአይጥ አንጎል ውስጥ፣ አይጧ ከአንድ ከተወሰነ ሥፍራ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን ገለጠ፤ በ2005 ደግሞ ኖርዌያውያኑ ማይብሪትና ኤድቫርድ ሞሰር ሥፍራን በመረብ መልክ የሚለኩ ሌሎች ሕዋሳት ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ ሦስቱም በ2014 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ኦኪፍ ሕዋሳቱን ያገኘበት ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የተጐዳበት ሰው አዲስ ነገር መያዝ እንደሚያቅተው ሐኪሞች ቀድሞውኑ ያውቁ ነበርና፣ ማስታወስና ሥፍራን ማወቅ በአንድ ጎረቤት የሚያድሩ ሀብታት መሆናቸው በዚህ ይታወቃል። የጥንት ግሪክና ሮም ንግግር ዐዋቂዎች ይህን የሚነግራቸው ሳይንስ ሳይኖር በልምድ ደርሰውበት፣ ረጅሙን ንግግራቸውን በኅሊናቸው በሣሉት ቤት ክፍል ለክፍል አኑረው፣ በመናገሪያው ሰዓት ከክፍል ወደ ክፍል እየተዘዋወሩ ያነሡት ነበር። በእኛም አገር ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ያደገ ሰው ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱንና መቅደሱን ማንም ሳያሳየው ለይቶ ያውቃል፤ ካህኑ በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ ከበሮው ከየት በኩል እንደሚሰማ፣ እርሱ ራሱም ከየትኛው ምሰሶ አጠገብ እንደሚቆም ያውቃል። ሕንፃው በየሰንበቱ ግድግዳውን እያዘዋወረ ቢጠብቀው ኖሮ ግን የመጣበትን ጸሎት ትቶ በር ሲፈልግ በዋለ ነበር። ዛሬ በስልካችን ያለው ዝርዝር የሚያደርግብን ይህንኑ ነው፤ ጧት ያየነው ጽሑፍ ማታ ከነበረበት የለም፤ መተግበሪያው በተከፈተ ቁጥር እርሱ ለእኛ ይበጃል ያለውን ከላይ እያስቀደመ፣ እኛ የምንፈልገውን ከማይታወቅ ጥልቀት ያሰጥመዋል።

ይህን የሰውን ጠባይ ለኮምፒውተር ለማዋል አስቀድመው ከተነሡት መካከል በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ኒኮላስ ኔግሮፖንቴና ሪቻርድ ቦልት ይገኙበታል። በ1970ዎቹ ማለቂያ ላይ፣ የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት ወጪውን እየቻለላቸው፣ ዳታላንድ ብለው የሰየሙትን ምናባዊ አገር ሠሩ። ተጠቃሚው መሪ ዘንግ ከተገጠመበት ምቹ ወንበር ተቀምጦ፣ ግድግዳ የሚያህል ምስል ከፊቱ እያየ፣ ሥዕል፣ ካርታ፣ መጽሐፍና ደብዳቤ በየቦታው በተዘራበት ሜዳ ላይ ያንዣብባል፤ ወደ ወደደውም ነገር ይወርዳል። ከሒሳብ ማስሊያ መኪና ሥዕል ላይ ቢወርድ ሥዕሉ በእውነት የሚያሰላ መኪና ይሆንለታል፤ ከመጽሐፍ ላይ ቢወርድ ገጾቹ ይገለጡለታል። ከሁሉም ይልቅ የእኔን ልብ የሚስበው ግን ከጎኑ የነበረው ትንሽ ስክሪን ነው፤ ያ ስክሪን የአገሩን ጠቅላላ መልክ አሳንሶ ያሳየዋል፤ እርሱ ራሱም በየትኛው ክፍል እንደሚገኝ በምልክት ይነግረዋል፤ ስለዚህ ተጠቃሚው ምንም ያህል ወደ ዝርዝሩ ቢቀርብ የት እንዳለ አይጠፋውም። የዛሬው ስልክ ያን ክፍል ይሞላ ከነበረው መሣሪያ በብዙ እጅ የበለጠ ኀይል ይዞ ሳለ፣ «አንተ እዚህ ነህ» የምትለዋን ምልክት ከካርታ በቀር በሌላ ዘንድ አለማሳየቱ ያስገርመኛል።

ቀጥለው የመጡት ሊቃውንት ወንበሩንና ግድግዳውን ትተው ሐሳቡን ብቻ አጠሩት። በ1993 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሆኑት ኬን ፐርሊንና ዴቪድ ፎክስ፣ «ፓድ» የተባለውን ወሰን የሌለው ሜዳ ለሊቃውንት ጉባኤ አቀረቡ፤ በማግሥቱ ዓመትም ቤን ቤደርሰንና ጂም ሆላን ይህንኑ አሻሽለው ሌላ ሠሩ። በእነዚህ ሥራዎች የተገኘው ትልቁ ምሥጢር አጉልቶ ማየት ማለት ፊደልን ማግዘፍ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቀርበን ስንመለከት የሚታየው ነገር ራሱ ይለወጣል። የቀን መቁጠሪያን ብንወስድ፣ ከሩቅ ሲታይ ዓመቱ ከነወራቱ ብቻ ይታያል፤ ቀረብ ሲሉ ወሩ ከነበዓላቱ ይገለጣል፤ ይበልጥ ሲቀርቡ ቀኑ፣ ከቀኑም ውስጥ የቀጠሮው ሰዓትና የባለ ቀጠሮው ስም ይነበባል። ይህ ሁሉ ሲሆን ተመልካቹ ከአንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ተጣለ አይባልም፤ ባለበት ሆኖ ቀረበ እንጂ። በአፕል ኩባንያ የማኪንቶሽን ሥራ በ1979 የጀመረው ጄፍ ራስኪንም በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር ሁሉ መስኮትና ፋይል መሆኑ ቀርቶ በማጉላትና በማራቅ የሚዞሩበት አንድ ዓለም ይሁን ሲል ተከራከረ። ራስኪን በ2005 ዐረፈ፤ ሐሳቡን በሕዝብ እጅ የሚያኖረው ስልክ ሊገለጥ ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

ጥር 9 ቀን 2007 በሳን ፍራንሲስኮ ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ለሕዝብ ሲያሳይ፣ የስልኩ ስክሪን ሦስት ኢንች ተኩል ብቻ ነበረ። የዓለሙ ድረ ገጽ ሁሉ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ስፋት ተሰናድቶ የተጻፈ ነበርና፣ ያን ገጽ በዚያ መስተዋት ላይ እንዳለ ማሳየት ጽሑፉን ከጕንዳን ዓይን ማሳነስ ይሆን ነበር። መፍትሔው አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን በመስተዋቱ ላይ አራርቆ ማጉላት፣ አቀራርቦ ማሳነስ ሆነ። የእጁ እንቅስቃሴ የዚያ ኩባንያ ፈጠራ አልነበረም፤ ማይረን ክሩገር የተባለ አሜሪካዊ ካሜራ እጅን እንዲያይ አድርጎ በጣቶች ምስልን የሚያሰፉበትንና የሚያጠቡበትን ሥራ በ1980ዎቹ አሳይቶ ነበር፤ በ2012 አፕልና ሳምሰንግ በካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በተካሰሱ ጊዜ ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ይኸው የጣት ነገር መሆኑ፣ ሰው በጣቱ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ባለቤት ሊወጣለት እንደሚችል የሚያሳይ የዘመናችን ትዝብት ነው። የሆነ ሆኖ እንቅስቃሴው ከሁሉ ፈጥኖ ተለመደ፤ ፊደል ያልቆጠረ ሕፃንም፣ ስልክን በእርጅናው ያወቀ ሽማግሌም፣ ማንም ሳያስተምረው ፎቶግራፍን በሁለት ጣቱ ሲያሰፋ እናያለን።

የዚህ ጥበብ ፍጹም ምሳሌ ካርታ ነው። ዲጂታል ካርታ በብዛት ሲሠራ የቆየው ዓለሙን በ256 ነጥብ ጎንና በ256 ነጥብ ከፍታ በተቈረጡ አራት ማዕዘን ቍራጮች ከፋፍሎ ነው፤ ከሁሉ በራቀው ደረጃ መላው ምድር በአንዲት ቍራጭ ላይ ታርፋለች፤ በአንድ ደረጃ በቀረብን ቍጥር እያንዳንዷ ቍራጭ ለአራት ትከፈላለች፤ ሃያ ደረጃ በቀረብን ጊዜ ቍራጮቹ ከአንድ ትሪሊዮን ይበልጣሉ። ስልኩ ይህን ሁሉ አይሸከምም፤ በመስኮቱ ፊት ያሉትን ጥቂት ቍራጮች ብቻ እያስመጣ ያሳያል። በየደረጃውም የሚጻፈው ስም ይለወጣል፤ መጀመሪያ የአገር፣ ቀጥሎ የከተማ፣ ከዚያም የመንገድ፣ በመጨረሻ የሱቅና የመድኃኒት ቤት ስም ይወጣል። አዲስ አበባን በመሰለ ከተማ፣ ሰው ቤቱን በቍጥር ከመንገር ይልቅ ከእገሌ ሕንፃ በስተጀርባ፣ ከእገሌ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት እያለ መምራት በለመደበት አገር፣ ይህ ዓይነት ካርታ ለታክሲ ነጂና ለዕቃ አድራሽ ምን ያህል እንዳቀለለ ተጠቃሚው ሁሉ ያውቃል። የጉግልን ካርታ ብቻ በየወሩ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች እንደሚጠቀሙበት ኩባንያው ተናግሯል። እንግዲህ አጉልቶና አርቆ የማየት ዘዴ ለምሁራን ብቻ የተፈጠረ ረቂቅ ነገር ነው የሚለው ክርክር በካርታው ብቻ ወድቋል ማለት ነው።

ታዲያ ካርታውና ፎቶግራፉ የሚፈቅዱልንን ሌላው መተግበሪያ ለምን ይከለክለናል? ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነና፣ ስክሪኑ በሰፋ መጠን ማጉላቱ ጠበበ። በ2010 ኤታን ማርኮት የተባለ አሜሪካዊ ገጹ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋራ እንዲያስማማ የሚያደርግ አሠራር ካስተማረ ወዲህ፣ ብዙ ድረ ገጾች ለስልክ ተስማምተው መጻፍ ጀመሩ፤ ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሠሪዎቹ ያማረው ገጻቸው በተጠቃሚው ጣት እንዳይበላሽባቸው እየሠጉ፣ ከገጹ ራስጌ ላይ ማጉላትን የሚከለክል ትእዛዝ መጻፍን ለመዱ። ዐይኑ የደከመ አንባቢ በሁለት ጣቱ ቢያራርቅ ገጹ አይነቃነቅለትም። የድረ ገጽን ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ጽሑፍ እስከ ሁለት እጥፍ መጉላት ይችል ዘንድ በ2008 ዓ.ም. ደንቡ ላይ አስፍሯል፤ አፕልም በ2016 የስልኩን ድር ማሰሻ ያን ክልከላ ቸል እንዲል አድርጎ አወጣው። ይሁን እንጂ ይህ የሚሠራው ለድረ ገጽ ነው እንጂ ለብቻው ለተሠራ መተግበሪያ አይደለም፤ በመተግበሪያው ውስጥ ሕግ አውጪውም ዳኛውም ሠሪው ነው።

ተቃራኒውን ወገን ሳልሰማ ብፈርድ ደግሞ ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። ሁሉንም ነገር በሰፊ ሜዳ ላይ ለመዝራት የሞከሩ ብዙዎች ወድቀዋል። ከወደቁበትም ምክንያት አንዱን ሱዛን ጁልና ጆርጅ ፈርናስ በ1998 በጻፉት ጥናት «የምድረ በዳ ጉም» ብለውታል፤ ተጠቃሚው በሁለት ነገሮች መካከል ካለው ባዶ ሜዳ ላይ አጉልቶ ሲቀርብ በስክሪኑ ላይ አንዳች ምልክት አይኖርም፤ ወደ ግራ ይሂድ ወደ ቀኝ፣ ይቅረብ ይራቅ አያውቅም። አፕል በ2013 ባወጣው የአይፎን ሥርዓት መተግበሪያ ሲከፈትና ሲዘጋ ገጹ ወደ ፊት እየተወረወረ ሲመጣ አንዳንድ ሰዎች አዞረን፣ አቅለሸለሸን ብለው ስላመለከቱ፣ ኩባንያው ወር ከጥቂት ቀናት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይህን እንቅስቃሴ የሚያስቀር ምርጫ ጨመረ። የዚሁ ኩባንያ የእጅ ሰዓት በ2015 ሲወጣ መተግበሪያዎቹ ክብ ክብ ምልክት ሆነው በአንድ ሜዳ ላይ ተበትነው፣ በሰዓቱ ጎን ያለውን ቍልፍ በማዞር የሚቀርቡና የሚርቁ ነበሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በፊደል ተራ የተደረደረ ዝርዝርም እንደ አማራጭ ገባ። ስሙን የምናውቀውን ነገር ለማግኘት በፊደል ተራ ከተደረደረ ዝርዝር የሚሻል የለምና በዚህ አልፈርድባቸውም። ማየት የተሳነው ሰውም ስልኩ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብለት የሚሻው በቅደም ተከተል ነው፤ ሜዳ ብቻ ሆኖ ቅደም ተከተል የሌለው ገጽ ለእርሱ ዝግ ቤት ነው። በ2002 የታተመ አንድ የሆርንቤክ፣ የቤደርሰንና የፕሌዛንት ጥናትም ተጠቃሚዎች ጠቅላላውን የሚያሳይ ትንሽ ካርታ ሲጨመርላቸው ደስ እንዳላቸው፣ ከሁለቱ የሙከራ ካርታዎች በአንዱ ላይ ግን ያለ እርሱ ይበልጥ ፈጣኖች እንደ ነበሩ አሳይቷል። እኔ ግን ፍጥነትን ብቻ ዳኛ አድርጎ መሾምን አልቀበልም፤ ሰው ያለበትን ማወቁ በሰከንድ የማይለካ ዕረፍት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የከበደው ነቀፋ የእጅ ጕዳይ ነው። ሁለት ጣት ማራራቅ በተግባር ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ያሰፋል። በአውቶቡስ ላይ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ የቆመ፣ ወይም ልጅ ያቀፈች እናት፣ ያላቸው ሥራ ፈት አካል አንድ አውራ ጣት ነው። ይህንንም አስቀድመው ያሰቡ ነበሩ፤ ኤሚ ካርልሰንና ቤደርሰን ከባልንጀራቸው ጋራ ሆነው በ2005 ባቀረቡት ሥራ፣ 36 መተግበሪያዎች በዘጠኝ ክፍል፣ በየክፍሉም አራት አራት ሆነው ተቀምጠው፣ ባለ ስልኩ በአውራ ጣቱ ብቻ ከጠቅላላው ወደ ክፍሉ፣ ከክፍሉ ወደ አንዱ መተግበሪያ ይገባ ነበር። ከሩቅ የሚታየው እያንዳንዱ ምልክት ሙት ሥዕል ሳይሆን ስንት ደብዳቤ እንደ መጣ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደ ሆነ የሚናገር ነበረ። ይህ ሥራ በሰፊው ሳይለመድ መቅረቱን ባሰብኩ ቍጥር ያስቈጨኛል፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ስልኮች በብዙ እጅ ፈጣኖች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያ ገጻቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በተርታ የቆመ የምልክት ሰልፍ ነው። ያም ሰልፍ ቢሆን አንድ ታላቅ በጎነት አለው፤ ባለቤቱ ካልነካው ከቦታው አይነቃነቅም። እናቶቻችን የሚፈልጉትን መተግበሪያ ስሙን ሳያነቡ በጣታቸው የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ልጅ መጥቶ ላስተካክልልዎ ብሎ ምልክቶቹን ካዘዋወረባቸው፣ ወይም መተግበሪያው ሲታደስ ቍልፎቹ ቦታ ከቀየሩ፣ ስልኩ ተበላሸ ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

የእኛ ፊደል ደግሞ በዚህ ነገር ላይ የራሱ ክስ አለው። በግዕዝ ፊደል አናባቢው የሚታወቀው ከፊደሉ ጎን፣ እግር ወይም ራስ ላይ በምትቀጠል ትንሽ ቅጥል ስለ ሆነ፣ ጽሑፉ ከልክ በታች ሲያንስ ያች ቅጥል ከነፊደሉ ትደበዝዛለች፤ ካዕቡን ከሣልሱ፣ ሣልሱን ከኃምሱ ለመለየት ዐይን ይጨነቃል። ለላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለአማርኛ አይበቃም። ይህ ሁሉ እየታወቀ ብዙ የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ስልክ የሚደርሰው ፎቶግራፍ ሆኖ ነው፤ የቆዩ መጻሕፍት ገጽ በገጽ ተነሥተው በቴሌግራም ይሰራጫሉ፤ ማስታወቂያና ደብዳቤ ማኅተም እንዳለበት በስልክ ተነሥቶ ይለጠፋል። አንባቢው አጉልቶ የመሥመሩን ግማሽ ያነብባል፤ ወደ ቀኝ ገፍቶ የቀረውን ይጨርሳል፤ ወደ ግራ ሲመለስም የሚቀጥለውን መሥመር ስቶ ያንኑ መሥመር ዳግመኛ ያነብባል። በዚህ ጊዜ ማጉላት መድኃኒት መሆኑ ቀርቶ ራሱ ሕመም ይሆናል፤ እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ፊደሉ ሲገዝፍ መሥመሩ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋራ የሚያጥፍ እውነተኛ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ ከገባ ከ1999 ጀምሮ ለዚህ የሚሆን መንገድ ተከፍቷልና፣ የጽሑፍን ሥዕል የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት ሁሉ ጽሑፉን ራሱን አብሮ ቢያወጣ ጕዳት አያገኘውም።

ለመተግበሪያ ሠሪዎች፣ ይልቁንም ለባንክ፣ ለክፍያና ለመንግሥት አገልግሎት ለሚሠሩት በአገራችን ላሉ ወጣቶች፣ የማቀርበው ልመና ያን ያህል የከበደ አይደለም። ዓለምን ሁሉ በሰፊ ሜዳ ላይ ዝሩልን አልላቸውም፤ ያንን የሞከሩት ሰዎች መውደቂያው የት እንደ ሆነ አሳይተውናል። ነገር ግን ባለቤቱ ያኖረው ነገር ካኖረበት አይነሣበት፤ ሰው ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ከየት እንደ መጣና በየት በኩል እንደሚመለስ ይታየው፤ በሁለት ጣት የሚሠራው ሁሉ በአንድ አውራ ጣትም ይሠራ፤ ጽሑፍን ማጉላትን የሚከለክል ትእዛዝ ከየትኛውም ገጽ ይሰረዝ። ሥራቸውንም ከማውጣታቸው በፊት መነጽራቸውን የረሱ አንድ አባት ብር ሲልኩበት አጠገባቸው ቆመው ይመልከቱ።

ይህ እስኪሆን ድረስ ጽሑፍ አልሰፋ ያለው አንባቢ በእጁ ያለ አንድ ነገር ይወቅ። በአንድሮይድ ስልክ ቅንብሮች ውስጥ ተደራሽነት በሚለው ክፍል የማጉያ አገልግሎት አለ፤ ሲበራ፣ እንደ ተመረጠው አቋራጭ ዓይነት፣ ስክሪኑን በአንድ ጣት ሦስት ጊዜ በመንካት ማናቸውም መተግበሪያ ይጎላል። በአይፎን ላይ ደግሞ አክሰሲቢሊቲ በሚለው ክፍል ዙም የተባለውን አብርቶ በሦስት ጣት ሁለት ጊዜ መንካት ይበቃል። ሁለቱም ያለ ክፍያ ከስልኩ ጋራ አብረው የተሰጡ ናቸው።